የሬሳ ክፍሉ አሥራ አንድ ምስክሮች

«ሽማግሌው እንግዳ ነክቷል። እንግዳ መንካት ደግሞ ክልክል ነው። አለቀ፤» አለ አለቃው ሪክ ከስሱ የጣውላ ግድግዳ ማዶ።

«ሰዎቼ ፈርመዋል፤» አለ ፍቅረ ሥላሴ፣ ለአለቃ ብቻ በሚያወጣት ለስላሳ እንግሊዝኛው። «አሥራ አንድ ፊርማ ይዣለሁ። የቀረችው አንዲት ሴት ናት።»

«ክፍሉ ውስጥ የነበረችው እኮ እሷ ናት።»

«እሷን ለኔ ተዋት። እኛ አንድ ነን።»

ሠርካለም ከግድግዳው ወዲህ፣ በልብስ ክፍሉ ውስጥ፣ ደም በተረጨባቸው የነርስ ጋዋኖች መሀል ተቀምጣ የአንዲት ጠንቋይ ካባ ጫፍ ትዘመዝም ነበር። መርፌዋን ጨርቁ ላይ እንደሰካች ደርቃ ቀረች። እሑድ ነው፤ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። ቅዳሴውን ትታ የመጣችው የቅዳሜው ደም ሳይደርቅ ልታስለቅቅ ነበር። የውሸት ደም ከእውነተኛው ይብሳል። እውነተኛው በቀዝቃዛ ውሃ ይለቅቃል፤ ይኼኛው ስኳርና ቀለም ስለሆነ ስኳሩ በሙቅ ውሃ ሲሄድ ቀለሙ እንደ ሐሜት ተጣብቆ ይቀራል። እሷን ግን በዚያች ሰዓት ያቃጠላት ደሙ ሳይሆን «ሰዎቼ» የምትለው ቃል ናት። በግ እየነዳ የመጣ ይመስል።

ቦታው ኬንት ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲዱ ጎን ከተደረደሩት መጋዘኖች አንዱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ካርቶን ይቆለልበታል፤ መስከረም ሲጠባ ካርቶኑ ይወጣና ግድግዳ በጣውላ እየተከፈለ፣ ጥቁር እየተቀባ፣ ጭስ የሚተፋ ማሽን እየተተከለ የማስፈራሪያ ቤት ይሆናል። ሰው ሠላሳ ስምንት ዶላር ከፍሎ ይፈራል። አርባ ዶላር የጨመረ ደግሞ ወረፋ ሳይጠብቅ ይፈራል። ሠርካለም ይህን መጀመሪያ የሰማች ቀን «እኔ ሌሊቱን ሙሉ በነጻ የምፈራውን?» ብላ ከልቧ ገርሟት ነበር። እሷ የምትፈራው ብዙ ነው፤ የልጇን የአውቶቡስ መንገድ ትፈራለች፣ ስልክ ሲጮህ ትፈራለች፣ ከፖስታ ሳጥን የሚወጣ ቀይ መስመር ያለበት ወረቀት ትፈራለች። በሳምንት አራት ሌሊት ፌደራል ዌይ በምትባል ጎረቤት ከተማ አንዲት አሮጊት ቤት እያደረች ትጠብቃለች፤ እዚያም ሆና የምትፈራው ብቻዋን ላደረችው ለልጇ ነው። እና በመስከረምና በጥቅምት ቀን ቀን እየመጣች፣ ቅዳሜ ደግሞ እያመሸች፣ የጭራቆቹን ልብስ ትሰፋለች፣ ታጥባለች።

ይህን ሥራ ያገኘላት ፍቅረ ሥላሴ ነው። ሐበሾቹን ሁሉ ያስገባው እሱ ነው፤ ከራሱ ጋር አሥራ ሦስት ናቸው። የሐበሾቹ ማኅበር ምክትል ሰብሳቢ ነው፤ ለቅሶ ቤት ማይክ ከእጁ አይጠፋም፣ ሠርግ ቤትም አይጠፋም። አንድነት የምትለዋን ቃል ሳይጠራት እጁን እንኳን አይታጠብም። ሪክም ከሱ አያንስም። ማታ ማታ በሩ ከመከፈቱ በፊት ጭራቁን ሁሉ ክብ ሠርቶ እጅ ለእጅ ያያይዝና «እኛ ማነን?» ብሎ ይጮኻል። «ቤተሰብ!» ይላል ሕዝቡ። ከሁሉ በላይ የሚጮኹት ሐበሾቹ ናቸው፤ ጩኸት ተከፍሎበት አያውቅምና አይሰስቱም። ቤተሰቡ ግን የውሃ ጠርሙስ አራት ዶላር ነው የሚሸጥለት። ባለፈው ሳምንት ወገቧን ያመማት፣ ቀይ አፍንጫ የምታጠልቅ አንዲት ክላውን ለመቀመጫ ወንበር ብትጠይቅ፣ ቤተሰቡ «ክላውን አይቀመጥም» አላት።

አሁን የተጣሉበት ሽማግሌ ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ናቸው። ስልሳ ሰባት ዓመታቸው ነው። ኤርፖርት ዊልቸር ሲገፉ ኖረው ጉልበታቸው እምቢ ሲል ፍቅረ ሥላሴ እዚህ ሬሳ አድርጎ አስቀጠራቸው። በሰባተኛው ክፍል፣ በሬሳ ክፍል፣ ከፈን ለብሰው ሣጥን ውስጥ ይተኛሉ። እንግዶቹ ሲጠጉ መጀመሪያ ዓይናቸውን ይገልጣሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይነሳሉ። ሌላ ነገር የለም። «ሠርኬ፣» ይሏታል ከፈናቸውን ስታስተካክልላቸው፣ «ተኝቶ የሚከፈለው ከኔና ከሹም በቀር ማን አለ?» እስከ ትናንት ድረስ እንደ እሳቸው የሚወደድ ሬሳ አልነበረም። ከታኮማ የመጡ የሌላ ማስፈራሪያ ቤት ሰዎች ሳይቀሩ አብረዋቸው ፎቶ ተነስተዋል።

ትናንት ምን ሆነ? ሠርካለም አይታለች። የከፈናቸው ጠርዝ ተተርትሮ ስለነበር፣ ቀጣዮቹ እንግዶች እስኪያልፉ መርፌና ክር ይዛ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። አምስት ሰዎች ገቡ፤ ክፍሉ ከዚያ በላይ አይችልም። ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ተነሱ። አንዲት አሥራ ስድስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ጮኻ ወደ ኋላ ስትሸሽ፣ ጫፉ ከተነሳ ሁለት ሳምንት የሆነው ምንጣፍ ተረከዟን ያዘው። ከኋላዋ የብረት መቅረዝ ነበረ። ሬሳው በዚያች ቅጽበት ሬሳነቱን ረሳ። «እኔን! እኔን ልጄን!» ብለው ከሣጥኑ ተንጠራርተው ክንዷን ያዙ። የያዙት እኛ ሰው ሲደናቀፍ ሁላችንም እንደምንይዘው ነው፤ እጅ ከአፍ ጋር አብሮ ይወጣል እንጂ ማን አስቦ ያደርገዋል? ከልጅቷ ጋር የመጣው ጎረምሳ ዞር ሲል ያየው ሬሳ ጓደኛውን ጨምድዶ በማያውቀው ቋንቋ ሲጮኽ ነው። አንድ ጊዜ መታቸው። ሣጥኑ ከነእሳቸው ከመቆሚያው ወደቀ፤ የእጃቸው አንጓ ሲሰበር ድምፁን ሠርካለም ሰማችው። ዘበኛው እስኪመጣ እንግዶቹ የሉም፤ በድንጋጤ መውጫውን ጥሰው ሄደዋል።

የቤቱ አንደኛ ሕግ ደግሞ በየግድግዳው ተለጥፏል፤ ጭራቅ እንግዳ አይነካም። እና ሠርካለም ጠዋት ስትገባ መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ የምስማር ነበር። የሰባተኛው ክፍል ምንጣፍ ዙሪያውን ተቸንክሮ ነበር።

ፍቅረ ሥላሴ ወደ ልብስ ክፍሉ ሲገባ ፈገግ እያለ ነው። ወረቀቱን ከስፌት መኪናዋ ላይ አኖረላት፤ የእስክሪብቶውንም ክዳን ከፍቶ።

«ሠርኬ፣ እንዴት አደርሽ? ቅዳሴ ሳትሄጂ? አይ ጉብዝና! ይቺን ፈርሚልኝማ።»

«ምንድን ናት?»

«ፎርማሊቲ ናት። ኢንሹራንስ የሚባል ነገር አለ፣ ታውቂዋለሽ። ሁሉም ፈርሟል።»

«ላንብባት።»

ሳቀ። ክፋት የለውም ሳቁ፣ ለልጅ እንደሚሳቅ ነው። «ታነቢያለሽ ደግሞ? ኦኬ፣ ኦኬ፣ ትምህርቱ ያዘልሽ ማለት ነው። ሶ፣ እስክታነቢያት እነግርሻለሁ። ጋሼ እንግዳ ነክተዋል ነው የምትለው። አልነኩም እንዴ?»

«ነክተዋል።»

«በቃ! ውሸት የለበትም። ስሚኝ፣» አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ «ሪክ ከጥር ጀምሮ አንድ የልብስ ኃላፊ ይፈልጋል። ዓመቱን ሙሉ፣ ቀን ቀን። ሌሊት ማደር ቀረ ማለት ነው። ማንን እንዳልኩት ልንገርሽ? ለልጅሽ አስቢ። ደግሞ ዛሬ የአንድነት ቀን ነው፣ ሦስቱም ማስፈራሪያ ቤቶች ይመጣሉ፣ አንገታችንን እንዳናቀረቅር።»

ለልጅሽ አስቢ! ሠርካለምን አስቢ ብሎ መንገር ዓሣን ዋኝ እንደ ማለት ነው። ቀን ቀን ሠርቶ ማታ ከልጅ ጋር ማደር፣ በር ዘግቶ፣ የልጅን ጫማ ከበሩ ሥር እያዩ መተኛት፤ ይህን ስንት ሌሊት ነው ያሰበችው? ወረቀቱን አጣጥፋ ከቦርሳዋ ከተተችው። «ሳምቡሳውን ላመጣ ወደ ቤት መሄዴ ነው። ስመለስ ይዤው እመጣለሁ፤» አለች። ፍቅረ ሥላሴ እስክሪብቶውን ከደነ። ወረቀቱ ከዓይኑ እንዲርቅ እንዳልወደደ ያስታውቃል፤ ግን ሴት ልጅ አነባለሁ ብላ የምታመጣው ጣጣ ይኖራል ብሎ የሚጠረጥር ሰው አይደለም።

ቤቷ ከአውቶቡሱ በስምንት ደቂቃ የእግር መንገድ ነው፤ አንድ መኝታ ክፍል፣ በወር ሺህ ሰባት መቶ ሃምሳ ዶላር፣ ውሃው ለብቻው። መኝታ ክፍሉ የልጇ የሄዋን ነው፤ እሷ ሳሎን ትተኛለች። ሄዋን ጸጉሯን በፎጣ ጠቅልላ የኩሽናው ጠረጴዛ ላይ የሒሳብ ደብተሯን ዘርግታለች። ከአሮጊቷ ቤት ያደረችባቸው ቀኖች በበዙ ቁጥር እናትና ልጅ መነጋገሪያ እያጡ መጥተዋል፤ ፍሪጁ ይጮኻል፣ እነሱ ዝም ይላሉ። ሠርካለም ሌሊቱን ያሸገችውን ሃምሳ ሳምቡሳ ዘይት ውስጥ እየጣለች፣ በሌላ እጇ ወረቀቱን ከቅመም ጠርሙሱ አስደግፋ ማንበብ ጀመረች። ማክሰኞና ሐሙስ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የምታስተምራቸው ሴትዮ እንዳሳየቻቸው፣ ከመስመሩ ሥር ካርቶን እያስጠጋች፣ ቃል በቃል። ሦስት ዓረፍተ ነገር ናት። ሁለት ዙር ሳምቡሳ ወጥቶ ሦስተኛው እስኪገባ የመጀመሪያውን ጨረሰች። «እንግዳ» የሚለውን አወቀችው። «ክንድ»ንም። አንዲት ቃል ግን እንቢ አለቻት።

«ሄዋንዬ፣ ግራብድ ምን ማለት ነው?»

«ግራብድ? ላይክ…» ልጅቷ ቃሉን በአማርኛ ፈለገችው፣ አጣችው። ከዚያ ብድግ ብላ የእናቷን አንጓ ጨምድዳ ያዘችና ወደ ራሷ ሳበቻት። «ላይክ ዚስ።»

ጭልፋው ከሠርካለም እጅ ወደቀ። ልጇ ከነካቻት ስንት ጊዜዋ ነው? የያዘቻትን እጅ አየችው። «ጋሼ እንዲህ አላደረጉም፤» አለች። ከዚያ ምድጃውን ቀንሳ ማሳየት ጀመረች፤ ሄዋንን ግድግዳው ጋ አቆመቻት፣ ወደ ኋላ ተንገዳገጂ አለቻት፣ ልጅቷ እየሳቀች ተንገዳገደች፣ ሠርካለም «እኔን!» ብላ እጇን ዘረጋች። ክንዷን ደግፋ ያዘቻት። ሁለቱም እንደዚያው ቆሙ። ሳምቡሳው አረረ።

«ታዲያ ይኼ ግራብድ አይደለም፤» አለች ሄዋን፣ ወረቀቱን አንስታ። ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር በፍጥነት አነበበችው፤ ሽማግሌው የወደቁት በራሳቸው ጥፋት እንደ ሆነ፣ ወለሉም ምንም እንዳልነበረበት ይላል። ሦስተኛው፤ «ይህን ሁሉ ክፍሉ ውስጥ ሆኜ በዓይኔ አይቻለሁ።» ከሱ ሥር አሥራ አንድ ስም። ሠርካለም ስም ማንበብ አይከብዳትም። አንደኛ ፍቅረ ሥላሴ፣ መኪና ፓርክ ሲያስደርግ ያመሸ። ወይንሸት፣ ቲኬት ስትቆርጥ የነበረች። ፊሊጶስ፣ ጭስ ማሽኑ ጋ፣ ከአሥር ክፍል ወዲያ። ገብረሕይወት፣ በዚያች ሰዓት ሽንት ቤት እንደ ነበር ራሱ የተናገረ። ሳቢራም አለችበት፣ የአራተኛው ክፍል ጠንቋይ፣ ጋሼን «አባባ» የምትል። አምስት ሰው በጭንቅ በሚይዝ ክፍል አሥራ አንድ ሰው ቆሞ አይቷል። ግማሾቹ ከሀገራቸው ዲግሪ ይዘው የመጡ ናቸው። ፍቅረ ሥላሴማ መምህር ነበርኩ ይላል። ማንበብ የሚችለው ሁሉ ሳያነብ ፈረመ፤ ፊደል እየቆጠረች የምትለቅመዋ ሠርካለም ብቻ እዚህ ዘይት እያቃጠለች ታነባለች።

«ዶንት ሳይን ኢት፤» አለች ሄዋን።

«ሥራውስ? ከጥር ጀምሮ ማታ ማታ ቤት እሆን ነበር እኮ።»

ልጅቷ ፎጣዋን ፈታች፣ መልሳ አሰረች። ከዚያ ከደብተሯ አንድ ሉክ ገንጥላ ከእናቷ ፊት አኖረች። «ዩ ሶው ኢት፣ ማም። ያየሽውን ጻፊ። ልርዳሽ?»

«አትርጂኝ። ኋላ የልጅ ጽሑፍ ነው ይላሉ።»

ጻፈች። በእንግሊዝኛ፣ በትላልቅ ፊደል፣ አምስት አጫጭር ዓረፍተ ነገር። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስን «እሱ» ብላ መጻፏ ቀፈፋት፤ ግን ምን ታድርግ።

በአንድነቱ ቀን፣ ሰባት ሰዓት ላይ፣ የመጋዘኑ ፓርኪንግ በጭራቅ ተሞልቷል። ከኬንት፣ ከፌደራል ዌይና ከታኮማ፣ ሦስት ማስፈራሪያ ቤቶች። በዓመት አንድ ቀን ይሰበሰባሉ፤ በቀሩት ቀናት አንዱ የሌላውን ተዋናይ ያስኮበልላል፣ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ይሰርቃል። ፌደራል ዌይ ባለ መጋዝ ገዳይ ካወጣ፣ በሳምንቱ ኬንት ሁለት መጋዝ የያዘ ያወጣል። ዛሬ ግን ዞምቢ ከዞምቢ ተቃቅፏል። «አንድ ጨለማ፣ አንድ ቤተሰብ» የሚል ሰንደቅ ከበሩ በላይ ተሰቅሏል። ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ማካሮኒው፣ ክንፍ ዶሮው፣ የሐበሾቹ ትሪዎች። ሪክ በርሜል ላይ ወጥቶ ንግግር አደረገ። በዚህ ሙያ ማንም ብቻውን አይወድቅም አለ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እጅ ይዘረጋል አለ። ፍቅረ ሥላሴ ቀድሞ አጨበጨበ፤ አሥሩም አጨበጨቡ። ሠርካለም የሳምቡሳውን ትሪ በሁለት እጇ እንደያዘች ነበረች፤ እጅ ቢኖራትም አታጨበጭብም ነበር። የጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስን ስም ያነሳ የለም። አንዲት የታኮማ ቫምፓየር ብቻ፣ «ያ ደግ ሬሳ ዛሬ የለም እንዴ?» ብላ ጠየቀች። «እረፍት ላይ ነው፤» አላት ሪክ።

ከንግግሩ በኋላ ፎቶ ነው። ሪክ ሣጥኑ ይምጣና መሀል ይሁን አለ፤ የቤቱ ምልክት ነውና። አመጡት፤ ሁለቱ መቆሚያዎች ላይ አኖሩት፤ አንደኛው መቆሚያ ትናንት የተሰነጠቀው ነው። ባዶ ሣጥን ፎቶ ላይ አያምርም ተባለ። ማን ይተኛ? ሐበሾቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሚስቱን የቀበረ አለ፣ እናቱን ሳይቀብር የቀረ አለ፤ ማንም ወደ ፊት አላለም። ፍቅረ ሥላሴ ኮቱን አውልቆ ለፊሊጶስ ሰጠና «ለአንድነት ሲባል!» ብሎ ወጣበት። ያንን ከፈን፣ ሠርካለም ሌሊቱን የጋሼን ደም አጥባ ያደረቀችውን፣ የእውነቱን ደም፣ አንገቱ ድረስ ሳበው። እጁን ደረቱ ላይ አጣጥፎ፣ አንድ ዓይኑን ለካሜራው ጠቀሰ። «ሟርት!» አለች ወይንሸት በሹክሹክታ፤ ግን እሷም ለፎቶው ተጠጋች። ሳቢራ በጠንቋይ ካባዋ፣ ከቆቡ ሥር ሻሿን አጥብቃ፣ ሣጥኑ ጎን ቆመች። «ሠርኬ፣ ነይ እንጂ!» አለ ሬሳው። ሠርካለም ትሪዋን እንደያዘች ባለችበት ቆመች። ካሜራው ጮኸ።

ፍቅረ ሥላሴ ሊወርድ አንድ እግሩን ሲያወጣ ከፈኑ ተረከዙን ጠለፈው። የተሰነጠቀው መቆሚያ ተንሻፈፈ። ሣጥኑ ዘመም ሲል፣ ከአሥሩም አፍ በአንድ ጊዜ «እኔን!» የሚል ጩኸት ወጣ፤ የሃያ እጅ ጫካ ወደሱ ተዘረጋ። ከሁሉ የቀደመችው ሳቢራ ናት፤ ክንዱን ያዘችው፤ ፊሊጶስ ወገቡን፣ ገብረሕይወት ሸሚዙን። የሠርካለም ትሪ አስፋልቱ ላይ ነበር፤ የሷም እጅ ሳታዝዘው ተዘርግቶ አየር ላይ ቀርቷል። አፏም ብሎታል። ፍቅረ ሥላሴ አልወደቀም። ፈረንጆቹ ሳቁ፤ የጨዋታው አንድ ክፍል መስሏቸው አጨበጨቡ።

ሐበሾቹ ግን አልሳቁም። የገዛ እጃቸውን ነበር የሚያዩት። ሠርካለም መሬት ላይ የተበተነውን ሳምቡሳ ተሻግራ መጣች። ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም።

«ፍቅሬ፣» አለች፣ «ሳቢራ ነካችህ እኮ። ለሷስ ወረቀት አናወጣላትም?»

«ሠርኬ፣ አሁን ጊዜው አይደለም…»

«ግራብድ ይላል ወረቀቱ። ጨምድደው ያዙ ማለት ነው። አንብበኸዋል?» ወረቀቱን ከቦርሳዋ አወጣች። «ትናንት ጋሼ ያደረጉት አሁን እናንተ ያደረጋችሁትን ነው። እኔ ነበርኩ። እናንተ አልነበራችሁም። በዓይኔ አየሁ ብላችሁ ፈርማችኋል፤ እስቲ የትኛው ዓይናችሁ ነው?»

ገብረሕይወት ወደ ሽንት ቤቱ አቅጣጫ ተመለከተ፤ ዓይኑን ወደ ሌላ ሊመልስ ፈልጎ ነበር፣ ያው ወደዚያ ሄደበት። «ፎርማሊቲ ነው ተብለን ነው እኮ፤» አለች ወይንሸት። «ማኅበሩን አታፍርሺ፤ አንድነታችንን አታፍርሺ፤» አለ ፍቅረ ሥላሴ ከፈኑን ከእግሩ ለመፍታት ጎንበስ እንዳለ። ከፈን የተጠለፈበት ሰው አንድነት ሲሰብክ የሰማ አለ?

ሳቢራ ወረቀቱን ከሠርካለም እጅ ወሰደች። ቆማ አነበበችው፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሁለት ጊዜ። «ወላሂ አላነበብኩትም ነበር፣ እትዬ፤» አለች። ከካባዋ ኪስ የዓይን ኩል እርሳስ አወጣችና ስሟን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሰረዘችው። ጥቁርና ወፍራም መስመር። ከዚያ ፊሊጶስ እርሳሱን ጠየቃት። ሌላ የጠየቀ የለም። የቀሩት፣ አንድ ሁለት እያሉ፣ ዶሮው ሳያልቅ ወደ ጠረጴዛው ሄዱ። አሥራ አንዱ ምስክሮች ዘጠኝ ሆኑ፤ ለአንዲት ጠባብ ክፍል ዘጠኝም ብዙ ነው።

ሪክ ቋንቋው ባይገባውም ነገሩ ገብቶታል። ፈገግታውን ሳያወርድ መጥቶ ያልፈረመችበትን ወረቀት ተቀበለ፣ የኩሉን መስመሮች አየ፣ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። እዚህ ቤት መንካት የተከለከለው ጭራቅ ነው እንጂ አለቃ አይደለም። «ሰኞ እንነጋገራለን፣ እሺ? ቤተሰብ ነን፤» አላት። ሰኞ እንነጋገራለን የተባለ ሰው ማክሰኞ ስሙ ከሥራ ሰሌዳው ላይ እንደማይገኝ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ሠርካለምም ታውቃለች። ልብስ ክፍሉ ገብታ የራሷን መቀስ፣ የራሷን መርፌዎችና የጣት ቆቧን ለቅማ ወጣች። ጥር ከነሙሉ ቀኑ ከጀርባዋ ቀረ። አውቶቡሱ ውስጥ ተቀምጣ አለቀሰች፤ ትንሽ፣ በሁለት ፌርማታ የሚያልቅ።

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ የሚኖሩት ከአንድ ቤተሰብ ቤት ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ አንድ ክፍል፣ ሰባት መቶ ዶላር፣ መስኮቷ ከሣሩ ጋር እኩል። አልጋ፣ ማሞቂያ፣ ቴርሞስ፣ ግድግዳው ላይ የኤርፖርት የምስጋና ወረቀት። ቀኝ እጃቸው እስከ ክርናቸው በጀሶ ታስሯል። አልጋው ላይ ሊነሱላት ሲሞክሩ «በማርያም፣ አይነሱ!» አለቻቸው። ሁለት ሳምቡሳ አስፋልት ሳይነካው ተርፎ ነበር፤ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠቻቸው። በግራ እጃቸው በሉ።

«እንዴት ነበር የአንድነቱ ቀን?»

«ሰው ሣጥንዎ ውስጥ ተኛብዎት።»

«ማን?»

«ፍቅረ ሥላሴ።»

«አማረበት?»

«አሳምሮ።»

ሳቁና ጎናቸውን ያዙ። ከሣሩ ጋር እኩል በሆነው መስኮት የሰው ጫማ አለፈ። ሐኪሙ የሥራ ጉዳት ፎርም ሰጥቷቸው ነበር፤ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል፣ «ያየ ሰው ካለ» የሚለው ቦታ ባዶ ነው። ማንን ልበል ብለው አልጠየቁም፤ ፍቅረ ሥላሴ ጠዋት ደውሎ ሁሉም እንደፈረመ ነግሯቸዋል። ሠርካለም ከደብተር የተገነጠለውን ሉክ አወጣች። መነጽራቸው ከሣጥኑ ጋር ወድቆ ተሰብሯልና እሷው ልታነብላቸው ሆነ። ለሰው አንብባ አታውቅም። ጣቷን ከመስመሩ ሥር አድርጋ፣ እንግሊዝኛውን እየሰባበረች፣ ከሥር ከሥሩ በአማርኛ እየተረጎመች አነበበችው። በአማርኛው ላይ አንቱታውን መለሰችላቸው።

«ስሜ ሠርካለም ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ምንጣፉ ልጅቷን ጠለፋት። ሊደግፏት እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው መታቸው።»

ጋሽ ሀብተ ጊዮርጊስ ጣሪያውን እያዩ አዳመጡ። ስትጨርስ ትንሽ ጠበቁ፤ የቀረ ያለ ይመስል።

«ልጅቷስ?» አሉ።

«ምኗ?»

«ወደቀች ወይ? እኔ ከሣጥኑ ጋር ስወድቅ አላየሁም። ከኋላዋ ያ ብረት ነበረ። ከትናንት ጀምሮ የመጣው ሰው ሁሉ ነካህ አልነካህም ይለኛል እንጂ፣ ልጅቷ ወደቀች አልወደቀችም የሚለኝ አጣሁ።»

«አልወደቀችም፣ ጋሼ። ቆማ ነው የወጣችው። በእግሯ።»

«ታዲያ ጻፊው እንጂ! ዋናውን ትተሽ ምኑን ምስክር ሆንሽ?»

እውነታቸውን ነው። እስክሪብቶ ከቦርሳዋ ፈለገች፤ ከኩሽናው ጠረጴዛ የተጣበቀ በርበሬ ያለበትን ሉክ ጉልበቷ ላይ ዘርግታ፣ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እያሰበች፣ ከሁሉ በታች ጻፈችው። አልወደቀችም። ከዚያ ስሟን ከነአባቷ፣ በሙሉ። ቀና ስትል ሽማግሌው ጋደም ብለዋል፤ ዓይናቸው ተከድኗል፤ ደህናው እጃቸው በጀሶው እጃቸው ላይ፣ ደረታቸው መሀል፣ ተጣጥፏል።

«ኧረ ጋሼ! በእመቤቴ፣ እንዲህ አይተኙብኝ!»

አንድ ዓይናቸውን ቀስ አድርገው ገለጡ።

«ልማድ ነው፣ ልጄ፤» አሉ፤ እጃቸውንም ፈቱት።